የቁም ተዝካርን ለመከልከል የወጣ የጆርናል አዋጅ ቁጥር 3.10/2013 (እ.ኤ.አ.)

የሰማ ላልሰማ ያሰማ። በሊኑክስ ከርነል ግዛት፣ ኤክስት 4 በተባለው የፋይል ሥርዓትና ጄቢዲ 2 በተባለው የጆርናል ጽሕፈት ቤቱ ሥር ለሚተዳደሩ ትሬዶች፣ በፈሮችና ቁልፎች በሙሉ።

መብራት ድንገት ሲጠፋ በዲስክ ላይ የሚጻፍ ለውጥ ግማሹ ሰፍሮ ግማሹ እንዳይቀር፣ ወደ ቋሚ ቦታው ከመሄዱ በፊት ጆርናል በተባለ መዝገብ ላይ እንዲጻፍ ከኤክስት 3 ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሊኑክስ የተደነገገ በመሆኑ፤

አብረው ሊጸኑ ወይም አብረው ሊቀሩ የሚገባቸው ለውጦች በአንድ ታስረው ትራንዛክሽን የሚል ስም የተሰጣቸው፣ ይህም ጥቅል ለአዲስ ለውጥ በሩን ከፍቶ የሚቆይበት ዘመን በልማድ 5 ሴኮንድ ያህል ብቻ ቢሆንም ከልደቱ እስከ ስንብቱ የሚያልፍባቸው ማዕረጎች እንደ አንድ ነባር የመንግሥት ሠራተኛ የተደረደሩለት በመሆኑ፤

ይሁን እንጂ ትራንዛክሽኑ ኑዛዜውን ሳይፈጽም «ፈጽሟል» የሚል ማኅተም ሲመታበት፣ ዕቃውን ገና በማውጣት ላይ ሳለም ቤቱ ለሌላ ሲሰጥበት የተገኘ በመሆኑ፤ ይህን የቁም ተዝካር ነውር ማስቀረት አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የቁም ተዝካር ክልከላ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ «ኮሚት» ማለት የትራንዛክሽኑ ይዘት ተጠቃሎ በጆርናሉ ላይ መስፈሩና በስተመጨረሻው የማጽኛ ብሎክ መቀመጡ ሲሆን፣ ይህም ብሎክ ኮምፒውተሩ ወድቆ ሲነሳ መዝገቡን መልሶ የሚያነበው ክፍል የሚያምነው ብቸኛ ማኅተም ነው፤ «ቼክፖይንት» ማለት ደግሞ በጆርናሉ የሰፈረው ለውጥ ወደ ቋሚ አድራሻው ተጽፎ የመዝገቡ ገጽ ለተረኛ የሚለቀቅበት ሥራ ነው። «ቁልፍ» ጎን ለጎን የሚሮጡ ሁለት ትሬዶች አንዱን ዝርዝር በአንድ ጊዜ እንዳይነካኩ የሚያግድ ነው፤ ስፒንሎክ የተባለው ዓይነት ግን ተረኛውን ቁጭ ብሎ እንዲያርፍ ስለማይፈቅድለትና በሩ ላይ ሲሽከረከር ስለሚያቆየው፣ ቁልፉን የጨበጠው ሁሉ እስኪለቀው ድረስ እንዳያንቀላፋ ተከልክሏል።

«ኮልባክ» ማለት ኮሚቱ ከጸና በኋላ የሚፈጸም ኑዛዜ ነው። ፋይል ሲሰረዝ የያዛቸው ብሎኮች ወዲያው ለሌላ አይሰጡም፤ ስረዛው ሳይጸና መብራት ቢጠፋ ፋይሉ ከነይዘቱ መመለስ አለበትና፣ የብሎኮቹ ዝርዝር በትራንዛክሽኑ ጉያ ይቆይና ኮሚቱ ሲጸና በኮልባኩ አማካይነት ወደ ነጻ ይዞታ ይመለሳል።

አንቀጽ 3፦ ስለ ጥፋቱ

በቀድሞው ልማድ ኮሚት የሚያደርገው ትሬድ ሥራውን ሲያገባድድ ትራንዛክሽኑን «ፈጽሟል» ብሎ ይመዘግብና ቁልፎቹን ይለቅ ነበር፤ ኮልባኩን የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህች ቀዳዳ ሌላ ትሬድ ወደ ቋሚ አድራሻቸው ገና የሚጻፉ በፈሮች (የብሎኮች የሜሞሪ ቅጂዎች) ከሰፈሩበት ከትራንዛክሽኑ የቼክፖይንት ዝርዝር የመጨረሻውን ሲያነሳ፣ ዝርዝሩ ባዶ፣ ማዕረጉም «ፈጽሟል» መሆኑን አይቶ፣ ደንቡ በሚያዘው መሠረትና ያለ አንዳች ክፋት የትራንዛክሽኑን ሜሞሪ ያስለቅቃል፤ ኮልባኩ ግን ኑዛዜውን የሚያነበው ከዚያው ከተለቀቀው ቦታ ነው። የሁለቱም ትሬዶች አካሄድ ለየብቻው ቢመረመር እንከን አይገኝበትም፤ ሐሰተኛው ማኅተሙ ነው። በዚህ ስፍራ ያለው የኮዱ ማስታወሻ አሠራሩ ጨዋነት ትንሽ እንደሚጎድለው ቀድሞውኑ ያመነ ሲሆን፣ ስለራሱ ነውር ይህን ያህል በግልጽ የሚናዘዝ ድንጋጌ በሌላው የሕግ ዓለም በቀላሉ አይገኝም።

ቀዳዳዋ እጅግ ጠባብ ስለነበረች ጥፋቱን እጅ ከፍንጅ መያዝ አዳጋች ነበር። የፋይል ሥርዓቱ በኤስኤስዲ ላይ «ዲስካርድ» ከተባለው ምርጫ ጋር ሲጫን ግን፣ ማለትም ነጻ የወጡት ብሎኮች ከእንግዲህ የማይፈለጉ መሆናቸው ለዲስኩ ጭምር እንዲነገር ሲታዘዝ፣ ኑዛዜው ይረዝማል፣ ቀዳዳዋም በዚያው ልክ ትሰፋለች፤ ለማስረጃ የተጠራውም ይኸው ምርጫ ነው።

አንቀጽ 4፦ ስለ መፍትሔው

ኑዛዜው እስኪያልቅ ቁልፎቹ አይለቀቁ የሚለው ሐሳብ ሲሰሙት የሚያምር ቢሆንም ውድቅ ተደርጓል፤ ኮልባኩ የዲስኩን መልስ ሲጠብቅ ሊያንቀላፋ ይችላልና፣ ስፒንሎክ ጨብጦ ማንቀላፋት ደግሞ በአንቀጽ 2 የተከለከለ ነው። ስለዚህ ከ«ፈጽሟል» በፊት «በኮልባክ ላይ» የተባለ አዲስ ማዕረግ ተፈጥሯል። ኮሚት አድራጊው ቁልፎቹን ከመልቀቁ በፊት ትራንዛክሽኑን በዚህ ማዕረግ ያስቀምጣል፤ ኑዛዜውን ያለ ስፒንሎክ ያስፈጽማል፤ ከዚያም ተመልሶ መጀመሪያ የጆርናሉን የሁኔታ ቁልፍ፣ ቀጥሎም የዝርዝሩን ቁልፍ ይዞ «ፈጽሟል» ብሎ ይመዘግባል። ይህን ቅደም ተከተል መገልበጥ ሁለት ትሬዶች አንዱ የሌላውን ቁልፍ ሲጠብቁ ቆመው እንዲደርቁ ሊያደርግ ስለሚችል በፍጹም የተከለከለ ነው።

በመካከሉ የቼክፖይንቱ ዝርዝር ባዶ ሆኖ ከተገኘ ስንብቱን ኮሚት አድራጊው ራሱ ይፈጽማል። ቼክፖይንት አድራጊው «ገና አልፈጸመም» ብሎ አልፎት ሄዷልና፣ ይህ ባይደነገግ ኖሮ የቁም ተዝካሩ ቀርቶ ቀባሪ ያጣ ሬሳ በሜሞሪ ውስጥ ይከማች ነበር።

አንቀጽ 5፦ ቅጣት

አዋጁን የጣሰ ትሬድ ራሱ የሚደርስበት አንዳች ነገር ላይኖር ይችላል፤ የሚቀጣው በተለቀቀው ሜሞሪ ላይ በኋላ የሰፈረው ንጹሕ ተከራይ ነው።

አንቀጽ 6፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ አዲሱ ከርነል ተጭኖ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከተነሳበት ደቂቃ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ሰርቨራቸው ለዓመታት ሳይጠፋ መቆየቱን በኩራት በሚያወሱ አስተዳዳሪዎች ግዛት ውስጥ ግን ነባሩ ልማድ እንደተጠበቀ ነው።