የሟች ኮማንድ ኤንድ ኮንከር የሕይወት ታሪክ

የኮምፒዩተር ጌም የነበሩት ሟች ኮማንድ ኤንድ ኮንከር በአሜሪካ፣ በኔቫዳ ግዛት፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ ይሠራ በነበረው ዌስትዉድ ስቱዲዮስ እ.ኤ.አ. በ1995 ተወለዱ። እናት አልነበራቸውም፤ አባቶቻቸው ግን ብዙ ናቸው። ከእነዚህም ስቱዲዮውን በ1985 የመሠረቱት ብሬት ስፔሪና ልዊስ ካስል በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ታላቅ ወንድማቸው ዱን 2 በ1992 ተወልዶ ሪል ታይም ስትራቴጂ ለሚባለው የጌም ዘር መንገዱን ጠርጎ አልፏል። በዚህ ዘር ተራ ጠብቆ መጫወት የለም፤ ተጫዋቹ ቡና ሊቀዳ ሲነሣ ጠላት ታንክ ማምረቱን አያቆምም።

ወንድምየው ጎበዝ ቢሆንም አድካሚ ነበር። አንድ ታንክ ለማንቀሳቀስ መጀመሪያ ታንኩን፣ ቀጥሎ «ሂድ» የሚለውን ትእዛዝ፣ ከዚያ ደግሞ መድረሻውን መጫን ያስፈልጋል፤ አሥር ታንክ ካለ ሥራው አሥር ጊዜ ይደገማል። ሟች ይህን ጣጣ አስቀርተዋል። በማውስ ሣጥን ተስቦ ጦሩ ባንድ ጊዜ ይመረጣል፤ መሬት ሲጫኑት ይሄዳል፣ ጠላት ሲጫኑት ይተኩሳል። የሚሠራው ሕንፃና የሚመረተው ጦር ሁሉ በስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ ስለተደረደረ፣ ውጊያው መሃል ያለ ሰው ዓይኑን ከግንባሩ ሳያነሣ ታንክ ማዘዝ ይችላል። ከዚያ ወዲህ የመጡ ብዙ ጌሞች ከዚህ ዘዴ ተበድረዋል፤ ብድሩን የመለሰ ግን የለም።

የሟች ሀብት ቲቤሪየም ይባላል። በታሪኩ መሠረት በጣሊያን ቲቤር ወንዝ አጠገብ ከሰማይ የወደቀ፣ እየተባዛ መሬቱን የሚያለብስ አረንጓዴ ክሪስታል ነው። ገንዘቡም መርዙም እሱው ነው፤ በላዩ የሚራመድ እግረኛ ወታደር ቀስ በቀስ ይሞታል። የሟችን ብልሃት መለካት የሚገባው በዚህ ነው። ገንዘቡ ከግቢ ውጭ፣ ሜዳ ላይ የተዘረጋ በመሆኑ ግንብ ሠርቶ መተኛት አያዋጣም፤ ጦርነቱ ከስስት ይነሣል። በአንድ በኩል በተባበሩት መንግሥታት የሚደገፈው፣ ከባድ ታንክ የሚወደው ጂዲአይ፣ በሌላ በኩል ፈጣኑና ስውሩ የኖድ ወንድማማችነት ይሰለፋሉ። የጂዲአይ ዘመቻ ከኢስቶኒያ ተነሥቶ ሳራዬቮ ላይ ያበቃል። የኖድ ዘመቻ ከሊቢያ ጀምሮ አፍሪካን አቋርጦ ደቡብ አፍሪካ ይደርሳል።

በየተልእኮው መካከል የሚታዩት በተዋናይ የተቀረጹ ቪዲዮዎች ትወናቸው ከትምህርት ቤት ድራማ እምብዛም አይርቅም፤ ሆኖም ተወደዱ። የኖዱን መሪ ኬንን የሠራው ጆ ኩካን ራሱ የቪዲዮዎቹ አዘጋጅ ነበር፤ ለራሱ ጥሩውን ሚና አስቀርቷል ቢባል ሐሜት አይሆንም። ሙዚቃውን ፍራንክ ክሌፓኪ ደረሰው። በጀርመን ደግሞ ሳንሱር እንዳይገጥማቸው ሲባል ወታደሮቹ ሰው ሳይሆኑ ሮቦት ናቸው ተባለ፤ ደሙም ጥቁር ሆነ። የሟች ደግነት ግን ከሁሉም በላይ በካርቶኑ ውስጥ ይገኛል። ሁለት ሲዲ ይዞ ይመጣ ስለነበር አንዱን ለጓደኛ ሰጥቶ፣ በአንድ ግዢ ሁለት ሰው መጋጠም ይችል ነበር። በዛሬው ዘመን እንዲህ ያለ ሻጭ ሐኪም ይየው ይባላል።

የሞተ አይወቀስም ቢባልም፣ ስለ ሃርቬስተር ዝም ማለት ምስክርነትን ማጉደል ነው። ይህ ቲቤሪየም ሰብሳቢ መኪና ከውዶቹ አንዱ፣ ከሁሉም ግን የዋህ ነበር። በአቅራቢያው ያለው ማሳ ሲያልቅ ማንንም ሳያማክር ወደሚቀጥለው ያመራል፤ የሚቀጥለው ማሳ ከጠላት ግቢ ጀርባ ከሆነ በጠላት ግቢ መሃል ያልፋል። መድፍ እየተተኮሰበት ፍጥነቱን አይጨምርም። በመንገዱ የገባ የጠላት እግረኛ ካለ ይጨፈልቀዋል፤ ብቸኛ የጦር ሜዳ ጀብዱው ይኸው ነው። ጭነቱን በሰላም ቢያደርስ እንኳ ማከማቻው ሞልቶ ከሆነ ትርፉ ባክኖ ይቀራል፤ ሌላ ጎተራ እንዲሠራ የምታሳስበው የኮምፒዩተሯ ሴት ድምፅም ተጫዋቹን እስኪሰለቸው ትደጋግምለታለች።

ሁለተኛው ድክመት የጠላት ማስተዋል ማነስ ነው። በኮምፒዩተሩ የሚመራው ጦር የአሸዋ ከረጢት አጥርን እንደ ጠላት አይቆጥረውም፤ ስለዚህ አይተኩስበትም። አዲስ ነገር የሚሠራው ከነባሩ ጎን ብቻ በመሆኑ ተጫዋቹ ከረጢት ከከረጢት እያያያዘ አጥሩን እስከ ጠላት ደጃፍ ይወስዳል፤ መውጫውን ይዘጋል፤ ከዚያ አጥሩ ጫፍ ላይ የጥበቃ ማማ ይተክላል። በኑክሌር የሚያስፈራራ ድርጅት በአሸዋ ከረጢት ታስሮ ይቀራል። አንድ ኢንጂነርም እንዲሁ ጠባቂ ወደሌለው ሕንፃ ከገባ ሕንፃውን ሙሉ በሙሉ ይወርሳል፤ ፍርድ ቤት የለ፣ ይግባኝ የለ። ወታደር በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ስለሚታዘዝ ደግሞ ሃያ ሰው የፈለገ ሃያ ጊዜ ይጫናል።

ሟች በ1996 ሬድ አለርት የተባለውን ልጃቸውን አይተዋል፤ እሱም አንስታይን በጊዜ ወደኋላ ተጉዞ ሂትለርን ካስወገደ በኋላ ስታሊን የሚነሣበት ነው። በ1998 ኤሌክትሮኒክ አርትስ ስቱዲዮውን ከሌሎች ንብረቶች ጋር በ122.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2003 ዘጋው። የሞታቸው ቀን ይህ ነው የሚሉ አሉ። የጌሙ አራተኛ ክፍል የወጣበት 2010 ነው የሚሉት ግን የተሻለ ማስረጃ አላቸው፤ ያ ክፍል ግቢ መሥራትንም ቲቤሪየም መሰብሰብንም አስቀርቷልና፣ ሃርቬስተርን ለዓመታት ሲረግሙ የኖሩ ሁሉ ሲያጡት አለቀሱ።

ውርሱ በ2020 ተከፈተ። ከዌስትዉድ የወጡ ባለሙያዎች ያቋቋሙት ፔትሮግሊፍ የታደሰውን ቅጂ ሲያወጣ ሥዕሉ ጠራ፤ ወታደርን በተራ ማሰለፍም ተቻለ። ኤሌክትሮኒክ አርትስም በዚያው ወቅት የሟችንና የሬድ አለርትን ኮድ ማንም እንዲያየውና እንዲያሻሽለው ለሕዝብ ለቀቀ። የታደሰው ቅጂ በአሮጌው ኮድ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ የጦሩ መንገድ የማጣት አመል አብሮ ተነሥቷል። ሥርዓተ ቀብሩ በዚሁ ምክንያት ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል።