«ጠያቂ» እና «ተጠያቂ»፦ የገና ሰሞን የዘመድ ጥየቃ በቴፒ

በአማርኛ «ጠየቀ» የሚለው ግስ ሁለት ፍች አለው፤ አንዱ መልስ መፈለግ ሲሆን፣ ሌላው ዘመድን፣ በሽተኛን ወይም አራስን ሄዶ ማየት ነው። ሁለቱ ፍቾች በአንድ ግስ ውስጥ ለምን አብረው እንደሚኖሩ ለመረዳት መዝገበ ቃላት መግለጥ አይበቃም፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ የጊቤን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ጅማን፣ ቦንጋንና ሚዛን አማንን አልፎ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ ቴፒ የሚገባውን ሰው መከታተል ያስፈልጋል። ይህ ሰው በዘልማድ «ጠያቂ» ይባላል፤ ስያሜው ስሕተት መሆኑ ከዚህ በታች ይታያል።

በቅድሚያ «ዘመድ» የሚለው ቃል ሊበየን ይገባዋል። በኦርቶዶክሳውያን ልማድ ለጋብቻ ዘር የሚቆጠረው እስከ ሰባት ቤት ሲሆን፣ ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰው በሰባተኛው ረድፍ ላይ ብቻ 128 ቦታ ያገኛል። ቆጠራው የቆመው ጋብቻን ለመከልከል ቢሆንም፣ በገና ሰሞን መኝታ ለመደልደል ያገለግላል፤ ቅርቡ አልጋ፣ መካከለኛው ፍራሽ፣ በስድስተኛው ቤት የሚገናኘው ደግሞ ሰሌን ይደርሰዋል። ቴፒ ላይ ግን ቆጠራው ከዚህም ይሰፋል፤ ምክንያቱም ሸካቾው፣ ሸኮው፣ መዠንግሩ፣ ከፊቾው፣ ቤንቹ፣ አማራውና ኦሮሞው አብሮ በሚኖርባት በዚህች ከተማና በዙሪያዋ፣ በ1977 ድርቅ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡትም ሆኑ ለቡና እርሻ ሥራ ከየአገሩ የገቡት፣ የቀረውን ዘመድ በጎረቤትና በክርስትና አባት ተክተዋል፤ በደም ያልተገኘ ዝምድና በቡና ጠጪነት ይረጋገጣል። በኅዳር 2014 የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ራሱ መቀመጫውን በቦንጋ፣ በሚዛን አማን፣ በተርጫና በቴፒ ከፋፍሎ ስላደረገ፣ በአካባቢው ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው ከከተማ ከተማ መዞሩ የሚያስገርም አይደለም።

ጉዞው የሚደረግበት ወቅት ተጓዡን ለሥራ እንጂ ለዕረፍት የሚያበቃው አይደለም። ከኅዳር 15 ጀምሮ የተጾመው የነቢያት ጾም የሚፈታው በዚህ ሰሞን ነው፤ በአንድ ቤት ዶሮ ሲበለት በግቢው ደግሞ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ስጥ ላይ ይሆናል። ጠያቂው የአዲስ አበባን የታኅሣሥ ብርድ ፈርቶ በጃኬት ላይ ጋቢ ደርቦ ይነሣና 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ቴፒ ሲደርስ ሁለቱንም አውልቆ፣ ስጡን ከዶሮና ከፍየል እንዲጠብቅ በርጩማ ይሰጠዋል።

ምርመራው የሚጀምረው በርጩማው ላይ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምነው ከሳህ?» የሚል ሲሆን፣ ከተጠያቂው ክብደት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ አሥር ኪሎ ጨምሮ የመጣም ይጠየቃል። ቀጥሎ ደመወዝ፣ የቤት ኪራይና ቦታ የመግዛት ዕቅድ ይመጣሉ፤ ለሦስቱም «እግዜር ይመስገን» የሚል መልስ ይበቃል። «የኔ ልጅ፣ ዘንድሮም ብቻህን መጣህ?» ለሚለው የአክስት ጥያቄ ግን ይህ መልስ ተሞክሮ ነገሩን አባብሷል። ማምለጫ የሚመስለው ወደ ሌላ ዘመድ ቤት መሄድ ነው፤ ሆኖም በየቤቱ አቦል፣ ቶናና በረካ የሚባሉት ሦስት ዙሮች አሉ፣ በረካን ሳይጠጡ መነሣት ደግሞ በረከትን ጥሎ እንደ መሄድ ስለሚቆጠር፣ በቀን አራት ቤት የዞረ ሰው 12 ሲኒ ጠጥቶ ይመለሳል፣ ሌሊቱንም ሳይተኛ ያድራል፤ ያልተኛ ሰው ደግሞ ለጥያቄ የተመቸ ነው። እንዲህ ስለሆነ «ጠያቂ» የተባለው ወገን በትክክለኛው አማርኛ «ተጠያቂ» ሊባል ይገባል።

የስጦታው ልውውጥም ይህንኑ ያጸናል። ባዶ እጅ መግባት ነውር በመሆኑ ተጓዡ በኩርቱ ፌስታል ስኳርና ሳሙና፣ አንዳንዱም በፋብሪካ የታሸገ የተቆላ ቡና ወደ ቡናው አገር ይዞ ይገባል። ሲመለስ የሚሸከመው «ማዳበሪያ» ነው፤ ይህም ስሙን በመጀመሪያ ከያዘው የአፈር ማዳበሪያ የወሰደ ከረጢት ሲሆን፣ በውስጡ ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ እርድና ሙዝ፣ ከጎኑ በጄሪካን ማር፣ ከሥሩም፣ ማንም እንዳያየው ተብሎ፣ ቡና ይታጨቃል። ከሥር የሚሆንበት ምክንያት የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 መኖሩና በመንገዱ ላይ ኬላ መኖሩ ነው።

በዚህም የመጨረሻው ጥያቄ የሚቀርበው በቤተ ዘመድ ሳይሆን በኬላ ፈታሽ ነው። አውቶብሱ ቆሞ፣ ከረጢቱ ከጣራ ወርዶ «ይህ የማን ነው?» ሲባል፣ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ በተሳፈረው ሕዝብ መካከል የከረጢቱ ዘመድ ነኝ የሚል አንድም ሰው አይገኝም።