ባሕር ሊገባ ያለ ሰው

ኦክቶበር በተቃረበ ቁጥር አንድ ወዳጄ እንቅልፍ ያጣል። ዕዳ አስጨንቆት አይደለም፤ ትዳሩም ሰላም ነው። የሚያሳስበው አናፖሊስ ላይ ወደሚደረገው የሸራ ጀልባ ትርኢት ልሂድ ወይስ ልቅር የሚለው ነው። ለሰሚው “ይቺማ ምን አላት!” ያሰኛል። ከዋሽንግተን አናፖሊስ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ትኬት ይቆረጣል፣ ይገባል፣ ይታያል፣ ይወጣል። ወዳጄ ግን እንደ ተራ ተመልካች ገብቶ የሚወጣ አይደለም። እሱ ባሕር ሊገባ ያለ ሰው ነው። ልጆቹ ኮሌጅ ሲጨርሱ አሌክሳንድሪያ ያለውን ቤቱን ሸጦ፣ ሚስቱን ይዞ፣ ከቼሳፒክ ተነሥቶ፣ በካሪቢያን ደሴቶች ከርሞ አትላንቲክን ሊያቋርጥ ወስኗል። ሚስቱ መወሰኑን ሰምታለች።

ዝግጅቱን ላይ ላዩን ካዩት የሚናቅ አይደለም። የጀልባዋ ስም ተመርጧል፤ ሌላ ሰው እንዳይወስድበት ለማንም እንዳልነግር አስምሎኛል። ጀልባዋ ራሷ ገና ናት። የዓለም ነፋሳት መቼ ከየት ወዴት እንደሚነፍሱ በቃሉ ይወጣዋል። አውሎ ነፋስ ሲመጣ የትኛው ሸራ ቀድሞ እንደሚወርድ፣ መልህቅ አሸዋ ላይ እንዴት እንደሚይዝ፣ ጭቃ ላይ እንዴት እንደሚያንሸራትት፣ እራት ላይ ሹካና ማንኪያ አሰልፎ ሲያስረዳ እንግዳ አፉን ከፍቶ ይሰማዋል። ተወልዶ ያደገው ባሕር ዳር ነው፤ ጣና ላይ ደንገል ታንኳ ተሳፍሮ ያውቅ እንደሆነ የጠየቅሁት ዕለት ግን “እሷማ ትገለበጣለች!” ብሎኛል።

ላለመሄድ ምክንያት አጥቶ አያውቅም። አንዱን ዓመት “ገንዘቤ ሳይሞላ ሄጄ ልቤን ከማቆስል” ብሎ ቀረ። አንዱን ዓመት አዳዲስ ጀልባ ብቻ ነው የሚታየው፣ እኔ የምገዛው ያገለገለ ነው አለ፤ ይኼ እንኳ ወግ ያለው ነገር ነበር። አንዱን ዓመት ደግሞ ዝናብ ይጥላል ተብሎ ቀረ። አትላንቲክን የሚያቋርጠው ሰው! እኔም “እውነትህን ነው፣ ዝናብ ምን ያደርጋል” አልኩት፤ ቀልዱ አልገባውም።

የሄደበት ዓመትም አለ፤ አብሬው ሄጃለሁ።

ትርኢቱ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ያለ ነው። አናፖሊስ የሜሪላንድ ዋና ከተማ ትባል እንጂ ትንሽዬ ናት። የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ ከጎኗ ተንጣሏል፤ ውሃው መሀል ከተማ ድረስ ገብቶ የመጠጥ ቤቶቹ ደጃፍ ላይ ይቆማል። በበጋ ማታ ጀልባ ያለው ሁሉ በዚያች ጠባብ መግቢያ ይገባና፣ ዳር ተቀምጦ ለሚጠጣው ሕዝብ ራሱን አሳይቶ፣ መዞሪያው ላይ በጭንቅ ተገላብጦ ይወጣል። የአገሩ ሰውም ይህን አይቶ የጉራ ጎዳና ብሏታል። በትርኢቱ ሰሞን ያ ሁሉ ውሃ በተንሳፋፊ መተላለፊያ ይሸፈንና ጀልባዎቹ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። መኪና እዚያ ማቆም የማይታሰብ ስለሆነ ብዙው ሰው ከከተማው ዳር ካለው ስታዲየም አቁሞ በአውቶቡስ ይጋዛል። ወዳጄ “ነጻነት” ብሎ የሚጠራው ጉዞ እንግዲህ የሚጀምረው በአውቶቡስ ሰልፍ ነው።

ወደቡ ዳር ደራሲው አሌክስ ሄሊ ተቀምጦ ለሕፃናት መጽሐፍ ሲያነብ የሚያሳይ የነሐስ ሐውልት አለ። በእሱ ትረካ የሩቅ ቅድመ አያቱ ኩንታ ኪንቴ በ1767 በባሪያ መርከብ ተጭኖ የወረደው እዚሁ ነው። ሰው ያለ ፈቃዱ ከባሕር በወረደበት ቦታ፣ ዛሬ ሰው ከፍሎ ባሕር ላይ ልጥፋ ይላል። ወዳጄ ከሐውልቱ ጋር ፎቶ ተነሣ፤ ከኋላው ምሰሶዎቹ እንዲታዩ አድርግ አለኝ።

ጀልባ ላይ ለመውጣት ጫማ ይወልቃል፤ ወለሉ እንዳይጫር ነው። ጫማ አውልቆ መግባት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚለየው ቄሱ ዋጋ አለመንገራቸው ብቻ ነው። የሚያሳዝነው ወዳጄ ለባሕር ብሎ እስከዛሬ በገንዘቡ የገዛው አንድ ዕቃ ቢኖር የጀልባ ጫማ መሆኑ ነው። እሱንም በየመውጫው ቅርጫት ውስጥ እየጣለ በካልሲ ዋለ።

ጫማ ከተነሣ አይቀር፣ ወዳጄ ስሙን የማይጠራበት ቀን የሌለው ሰው ጆሹዋ ስሎከም ነው፤ ዓለምን ብቻውን በሸራ ጀልባ የዞረ የመጀመሪያው ሰው። በ1895 ከቦስተን ሲነሣ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነበር፤ የተመለሰው በ1898 ነው። ደቡብ አሜሪካ ጫፍ ላይ ሌሊት በባዶ እግሩ ጀልባው ላይ የሚወጣ ሰው እንዳይኖር ወለሉ ላይ ጥቃቅን ምስማር በትኖ ይተኛ ነበር። የትርኢቱ ሻጮች ይህን ቢያዩ ያብዱ ነበር። ጀልባው “ስፕሬይ” ሜዳ ላይ ቆማ የምትበሰብስ አሮጌ ጀልባ ነበረች፤ በስጦታ አግኝቷት ራሱ በመጥረቢያ ሠራት። ለዕቃው ያወጣው ወጪ ተጽፎ ቀርቷል፤ 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም። ሰዓቱ በአንድ ዶላር የተገዛች የቆርቆሮ ሰዓት ናት፤ ፊቷ ስለተሰበረ ሻጩ ከአንድ ዶላር ተኩል ቀንሶለት ነው።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ወዳጄ፣ ሰልፍ ይዘን ስንጠብቅ ነው። ሰልፉ ባለ ሁለት ቀፎዋን ካታማራን ለማየት ነበር። አራት መኝታ፣ አራት ሽንት ቤት፣ በረዶ የሚሠራ ማሽን፣ የባሕር ውሃን የሚያጣፍጥ መሣሪያ፣ ከሶፋው ፊት ለፊት ቴሌቪዥን። ስሎከምን እያወሳ የበረዶ ማሽኑን ለማየት ተሰልፏል።

ስንገባ ቀጥታ ወደ መኝታው ሄደና ተጋደመ። ዓይኑን ጨፈነ። ከኋላችን የቆሙት ባልና ሚስት ይጠብቃሉ፤ እሱ ግን እርግጠኛ ነኝ ባሃማስ ደርሷል። ሻጩ ትሕትና ያለው ወጣት ነው፤ ቀስ ብሎ “መቼ ለመነሣት አስበዋል?” አለው። ወዳጄም ዓይኑን ሳይገልጥ “አምስት ዓመት” አለ። የልጁ ፈገግታ አልተለወጠም። ይህን መልስ ከጠዋት ጀምሮ ሲሰማ እንደዋለ ያስታውቃል፤ ማንም “በሚመጣው ሳምንት” አይለውም። “አምስት ዓመት” የሚለው ሰው ዘንድሮም አምስት ይላል፣ ለከርሞም አምስት ይላል፤ ቁጥሩ አይቀንስም።

እዚያው ሳለን አንድ ሽማግሌ ገቡ። ቆባቸው ፀሐይ ልጦት ቀለሙ አይታወቅም፤ የጣታቸው ቆዳ እንደ ገመድ ሆኗል። መኝታ አላዩም፣ ሽንት ቤት አልቆጠሩም። ተንበርክከው የወለሉን ክዳን አነሡ፤ ከኪሳቸው ባትሪ አውጥተው አበሩና “ይህን ፓምፕ ለመፍታት ያንን ቱቦ መጀመሪያ ማውጣት አለብኝ?” ብለው ጠየቁ። ልጁ አየ፣ ዝም አለ፣ ሌላ ሰው ጠራ። የመጣውም አየ፣ ዝም አለ። ሽማግሌው ክዳኑን መልሰው አመሰገኑና ጫማቸውን ፍለጋ ወጡ።

ኋላ እንደሰማሁት የእኚህ ዓይነቶቹ የሚያድሩት ሆቴል አይደለም። ጀልባቸውን አጠገብ ባሉት የውሃ ክንዶች፣ ስፓ ክሪክና ባክ ክሪክ ላይ፣ መልህቅ ጥለው ያቆሙና በትንሽ የጎማ ጀልባ ቀዝፈው ይመጣሉ። ወቅቱ የሚገጥመው እንዲህ ነው፤ የአትላንቲክ አውሎ ነፋስ ወራት በኖቬምበር መጨረሻ ይዘጋል፣ ብዙ ኢንሹራንሶችም ማብቂያው ሳይቃረብ ወደ ደቡብ ርቃችሁ አትውረዱ ይላሉ፤ ስለዚህ ወደ ካሪቢያን የሚወርደው ሰው ኦክቶበርን ቼሳፒክ ላይ ያሳልፋል። ትርኢቱ መንገዱ ላይ ነው። ገብቶ አንድ የፓምፕ ጎማ ይገዛል፣ ዋጋውን ሁለቴ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ይወጣል። እኛ ልንሄድ የምናልመውን ለማየት የተሰለፍንበት ቦታ፣ የሚሄዱት ሰዎች የዕቃ መለዋወጫ ሱቅ ነው።

የሁለቱን ጨዋታ አጠገብ ለአጠገብ መስማት ደስ ይላል። ሊሄድ የሚያስበው ስለ ፀሐይ ግባት ያወራል፤ የሚሄደው ስለ ሽንት ቤት። እውነቴን ነው። አሜሪካ ውስጥ ከባሕር ዳር ሦስት የባሕር ማይል ሳይርቁ ያልታከመ ፍሳሽ መልቀቅ ክልክል ነው፤ በመሆኑም ጀልባው ውስጥ ታንከር አለ፣ ታንከሩ ፓምፕ አለው፣ ፓምፑ ደግሞ የሚዘጋው እንግዳ የመጣ ቀን ነው። ባለጀልባዎች የሚቀባበሉት ሌላም ስሌት አለ፤ የጀልባው ዋጋ አንድ አሥረኛ በየዓመቱ ለጥገና ይሄዳል ይላሉ። ወዳጄ ይህን ስሌት ያውቀዋል፤ የጉዞውን ወጪ ከጻፈበት ደብተር ውስጥ ግን የለም።

ሚስቱ ቤት ስንመለስ ቡና አፍልታ ጠበቀችን። የካታማራኗን ነገር እስኪጨርስ ዝም ብላ ሰማችውና “ለመሆኑ የኔ ጌታ፣ ዋና ትችላለህ?” አለችው። አፍታም አልዘገየ፤ “ስሎከምም አይችልም ነበር!” አላት። እውነት ነው፣ አይችልም ነበር። እሷም ሲኒውን እያቀበለችው “መጨረሻውስ?” አለች። መጨረሻው፣ ስሎከም በዚያችው በስፕሬይ ወጥቶ አለመመለሱ ነው። ወዳጄ ቡናው ስኳር አንሶታል አለ።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ወዳጄ ታክሲ ይነዳል፤ በቀን ስንት ጊዜ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ እንደሚመላለስ እሱ ያውቃል። ከማረፊያው ዝቅ ብሎ፣ ከአውራ ጎዳናው ጥግ፣ ፖቶማክ ላይ ሸራ ጀልባ የሚያከራዩበትና የሚያስተምሩበት ቦታ አለ፤ ምሰሶዎቹ ከመኪና መስኮት ይታያሉ። አናፖሊስም ቢሆን በበጋ ረቡዕ ማታ የጀልባ እሽቅድምድም አለ፤ የሰው እጅ ያጠረው ካፒቴን ገመድ የሚጎትትለት ጀማሪ ሲያገኝ ደስ ብሎት ይጭናል፤ የሚጠይቀው ቢበዛ ቢራ ይዘህ ና ነው። ሁለቱንም ነግሬዋለሁ። “መጀመሪያ ትርኢቱን አይቼ ልወስን” አለኝ። ላም አለኝ በሰማይ ያለው እኮ ቢያንስ ላሚቱን ለማለብ ትርኢት ካላየሁ አላለም።

ግን ጨካኝ ልሁን አልልም። ልሂድ ወይስ ልቅር ላለኝ መልሴ ሂድ ነው። በአንድ ቀን ያን ያህል ጀልባ ወጥቶ የሚወርድበት ሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። ሜትርና ባትሪ ይዞ ይሂድ። ምግብ ማብሰያው ጋ ቆሞ፣ ጀልባው ወደ ጎን ቢያዘነብል ወገቡን ምን ላይ እንደሚያስደግፍ ይይ። ሽንት ቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቶ ይቀመጥ፤ ጉልበቱ በሩን ከነካው ትልቅ ነገር ተማረ። የሞተሩን ዘይት መለኪያ በእጁ ይፈልግ። ተጋድሞ ዓይን መጨፈን ግን ይቅርበት፤ አልጋ ላይ ሲተኙ ሁሉም ጀልባ ጥሩ ነው።

ይህን ሁሉ ባለፈው ሳምንት በስልክ ነገርኩት። ልቡ ተነካ። “ዘንድሮ እሄዳለሁ፣ ጨርሻለሁ” አለ። ከኋላ የሚስቱ ድምፅ ይሰማኛል፦ “ይሂድ እንጂ፣ ማን ከለከለው! ብቻ ቅዳሜ የእኅቴ ልጅ ክርስትና ነው።”

“ሰማህ?” አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ “ሰውን ከባሕር የሚያስቀረው ማዕበል መሰለህ? ዘመድ ነው!”

“ታዲያ ሐሙስ አትሄድም? ሐሙስም ክፍት ነው እኮ።”

“ሐሙስማ” አለ፤ “ሐሙስ ሥራ አለብኝ።”