ታስሮ የሚሮጥ ዘበኛ

የአዲስ አበባ የግቢ ውሻ ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ የሚዞረው መሬት ሣር አያበቅልም፣ አንገቱም ተልጧል። ማታ ሲፈታ ግን ከሌባ ጋር ሩጫ እንዲገጥም ይጠበቃል። ጌትየው በበኩላቸው ለጤናቸው ሲሉ ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃውን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ ብቻቸውን።

«ውሻ ከተንሸራሸረ ሰው ይለምዳል፣ ኃይለኛነቱ ይጠፋል» ይላሉ። ታስሮ የዋለ ውሻ ግን ጭንቀታም እንጂ ኃይለኛ አይደለም፤ ለድመቱም ለነፋሱም እኩል ስለሚጮህ፣ እውነተኛው ሌባ አጥር ሲዘል «ዝም በል!» የሚባለው እሱ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ስጋትስ? እሱ እውነት ነው፤ መልሱ ግን ክትባት እንጂ ሰንሰለት አይደለም። ወደ ማንሸራሸሩ ስንመለስ፣ የጣሊያኗ ቶሪኖ በ2005 እ.ኤ.አ. ውሻውን በቀን ሦስቴ የማያንሸራሽር እስከ 500 ዩሮ እንዲቀጣ ደንግጋለች። እኛ ዘንድ ቢደነገግ ቅጣቱ ከዘበኛው ደመወዝ ይቆረጥ ነበር።