ኅዳር ጽዮን በኮሎምበስ

ሕፃኗ የተወለደችው በእንቁጣጣሽ ነው። ሰማንያ ቀኗ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ሞላ፤ ከጽዮን ማርያም በዓል ጋር ገጠመ። ወላጆቿ የሚኖሩት ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው፤ ክርስትና እናቷ ባለቤቴ ናት። ከሜሪላንድ በጠዋት ተነሥተን ስንነዳ ውለን ዓርብ ማታ ከተማው ገባን። ያ ቅዳሜ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 30 ቀን 2024፣ የኦሃዮ ስቴትና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎች በፉትቦል የሚገናኙበት ዕለት ነበር። የኮሌጅ ጨዋታ የአንድ ትልቅ ከተማን አልጋ፣ መንገድና ኪስ እንዴት እንደሚቆጣጠር ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ቀድመን የያዝነው ሆቴል ስንደርስ ስማችን ከመዝገብ ጠፍቷል። ባለቤቴ በስልኳ የመጣላትን ማረጋገጫ ብታሳይም ከእንግዳ ተቀባዩ ያገኘነው መልስ «ነገ እኮ ጨዋታ ነው» የሚል ብቻ ሆነ። ክፍልስ ነበር፤ ዋጋው ግን አራት እጥፍ ደርሷል። ተናደን ወጣን። ክርስትናው ቤት ሄደን፣ ከየስቴቱ በመጣው ዘመድ መካከል ፍራሽ ተነጥፎልን አደርን። ያንን ቤት እግዜር ይባርከው።

ሌሊት ቤተሰቡ ሕፃኗን ታቅፎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እኔ የእህቴን ልጅ እንዳመጣ ተላክሁ። ልጁ እዚያው ኦሃዮ፣ በሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የአገር አቋራጭ ሯጭ ነው፤ ስታዲየሙ አጠገብ ጓደኛው ዘንድ አድሯል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰዉ ግን ጎሕ ሲቀድ ድንኳኑን ተክሎ ሥጋ መጥበስ ጀምሯል። የሚያብረቀርቅ ሰደርያ የለበሰ ሰው በእጁ ጠርቶ ወደ አንድ ግቢ አስገባኝና ለፓርኪንግ ስልሳ ዶላር በጥሬው ተቀበለኝ። ልጁን ይዤ ስመለስ ሰውየውም የለም፣ መኪናዬም የለችም። ግቢው የሰውየው አልነበረም፤ እውነተኛው ባለቤት ቶው ትራክ ጠርቶ አስነሥቷታል።

«ጋሼ፣ አይዞህ» አለኝ ልጁ። «ዛሬ እዚህ ሰፈር ደጁ ላይ ሣር ያለው ሁሉ ሣሩን ለመኪና ማቆሚያ ያከራያል። አጭበርባሪውም አብሮ ይመጣል።»

መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር መኪናዋ ወደተወሰደችበት ግቢ በእግራችን ሄድን። ስታዲየሙን በዚያ ጉዞ ነው በደንብ ያየሁት። በ1922 የተከፈተ ነው፤ ዛሬ 102,780 ሰው ይይዛል። ልጁ እየተራመደ አስረዳኝ። ከትኬቱ ሌላ ትልቅ ገንዘብ ከቴሌቪዥን ይመጣል። ኦሃዮ ስቴት ያለበት ቢግ ቴን የተባለው ማኅበር በ2022 ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር የተፈራረመው የሰባት ዓመት ውል ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ካሊፎርኒያ ያሉት ዩሲኤልኤና ዩኤስሲ በ2024 ወደዚህ ማኅበር የገቡት ይህንኑ ገንዘብ ብለው ነው። የሎስ አንጀለስ የመረብ ኳስ ተጫዋቾች ለአንድ ግጥሚያ እስከ ኒው ጀርሲ ይበርራሉ፤ ሰኞ ደግሞ ክፍል ይጠብቃቸዋል።

መኪናዬን የማስለቀቂያውን ከፍዬ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ሕፃኗ ተጠምቃ፣ ማዕተቧ ታስሮላት፣ ባለቤቴ ታቅፋታለች። ጥምቀቱ አመለጠኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከሰዓት በኋላ በጾም ምግቡ ዙሪያ ተሰብስበን ጨዋታውን በቴሌቪዥን አየን። ከኮሎምበስ ወንድሞቻችን ብዙዎቹ ታክሲ ይነዳሉ፤ የጨዋታ ቀን ለእነሱ ትልቅ የገቢ ቀን ነው። ሚሺጋን 13 ለ 10 አሸነፈ፤ ቤቱ በሐዘን ጸጥ አለ። (ኦሃዮ ስቴት ግን ከሁለት ወር ሳይሞላ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል።) አንድ አዛውንት «እነዚህ ልጆች ስንት ይከፈላቸዋል?» ብለው ሲጠይቁ የእህቴ ልጅ መለሰላቸው፤ የዚያ ዓመት የኦሃዮ ስቴት ተጫዋቾች ከደጋፊዎችና ከማስታወቂያ 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አግኝተዋል። አዛውንቱ «ለተማሪ!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ በዚህ ከእሳቸው ጋር አልስማማም። ያ ገንዘብ የልጆቹ ላብ ነው፤ የደረሳቸውም እጅግ ዘግይቶ ነው። በ1955 ሬይ ዴኒሰን የተባለ የኮሎራዶው ፎርት ሉዊስ ኮሌጅ ተጫዋች በጨዋታ ላይ ራሱን ተመትቶ ሞተ። ሚስቱ የሥራ ላይ አደጋ ካሳ ጠየቀች። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1957 ኮሌጁ የፉትቦል ንግድ ውስጥ የለበትም ብሎ ጥያቄዋን ውድቅ አደረገው። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። በ1984 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቴሌቪዥኑን ገበያ ለዩኒቨርሲቲዎቹ ከፈተላቸው፤ ገንዘቡ ጎረፈ፤ ተጫዋቹ ግን ከትምህርት ክፍያው፣ ከምግቡና ከአልጋው በላይ ብዙም ሳያገኝ ቆየ። በሩ በእርግጥ የተከፈተው በ2021 ነው። ያው ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ፣ 9 ለ 0፣ የኮሌጅ ስፖርትን በሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ላይ ፈረደ፤ በቀጣዩ ወር ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ጁን 6 ቀን 2025 ደግሞ ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ተጫዋቾች ኤንሲኤኤን በከሰሱበት ጉዳይ የተደረሰውን ትልቁን ስምምነት አጸደቁ። ለቀድሞ ተጫዋቾች በ10 ዓመት ውስጥ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ካሳ ይከፈላል፤ ወደ ስምምነቱ የገባ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲም በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ለተጫዋቾቹ በቀጥታ መክፈል ይችላል።

ፍትሕ ነው። ነገር ግን በዚሁ ስምምነት ለየስፖርቱ የአባላት ቁጥር ጣሪያ ተበጀለት። የወንዶች አገር አቋራጭ 17 ሯጭ ብቻ ሆነ። ያን ክረምት የእህቴ ልጅ ደውሎ «ጋሼ፣ ከቡድኑ ወጣሁ» አለኝ። ድምፁ ተሰብሮ ነበር። ያለ ስኮላርሺፕ የሚሮጥ ልጅ ነው፤ ቡድኑ የሚያወጣበት ጫማና የአውቶቡስ ወንበር ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግድ አለመሆኑ ነው። በዳኛዋ ግፊት፣ በዚህ ጣሪያ ሳቢያ የተቀነሱ ልጆች ከቁጥሩ ውጭ ሆነው እንዲመለሱ ስምምነቱ ፈቅዷል፤ መመለስ አለመመለሱን ግን ለየዩኒቨርሲቲው ትቶታል። የእሱ ዩኒቨርሲቲ አልመለሰውም።

ገንዘብ የለም የሚሉትን አላምናቸውም። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በኖቬምበር 2023 አሰልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት፣ እንዳያሠለጥን ብቻ ሊከፍለው የተገደደው ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። የኦሃዮ ስቴቱ ራያን ዴይ ከሻምፒዮናው በኋላ በተፈረመለት ውል በዓመት 12.5 ሚሊዮን ዶላር ያገኛል። በዚያው በ2025 ካል ፖሊ የተባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዋና ቡድኑን ዘጋ፤ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ስምምነት ነው። የተጫዋቾቹ ድርሻ ከአሰልጣኝና ከአስተዳዳሪ ደመወዝ መቀነስ ሲችል ከሯጩና ከዋናተኛው ላይ መነሣቱ ግፍ ነው።

ነገሩ እኛን በቀጥታ ይነካናል። ያሬድ ንጉሤን አስቡት፤ ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የሄዱ፣ በሉዊቪል፣ ኬንታኪ ያደገ ልጅ ነው። ኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በ2019 የኮሌጆች የ1500 ሜትር ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ ነሐስ ወሰደ። ሯጭ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ተሠርቶ አያልቅም፤ ዘግይቶ ለሚበስለው ልጅ የቡድኑ የመጨረሻ ወንበር ዕድሉ ነው። ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ የሚመጣው ደግሞ ሌላ ሥጋት አለበት፤ ቪዛው ሥራ መሥራትን በጥብቅ ስለሚገድብ፣ ጓደኛው በማስታወቂያ የሚያገኘውን ገንዘብ እሱ ቢነካው መኖሪያ ፈቃዱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ልጃችሁን ለኮሌጅ ሩጫ የምትልኩ አባቶችና እናቶች፣ እባካችሁ አሰልጣኙ ቤታችሁ መጥቶ ቡና ሲጠጣ በፈገግታው ብቻ አትሸኙት። ዩኒቨርሲቲው ወደ ስምምነቱ ገብቷል ወይ? ልጄ ከ17ቱ ውስጥ ነው ወይ? ስኮላርሺፑ የሚታደሰው በየዓመቱ ነው ወይስ እስከ ምረቃ ይዘልቃል? ቡድኑ ቢዘጋስ የትምህርቱን ወጪ ማን ይሸፍናል? ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ ተቀበሉ።