የሚያበቃበት ቀን

ድሬዳዋ ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ቁም ነገር የሚያስብ ሰው የለም። ወንዱ ሽርጡን አገልድሞ ፍራሹ ላይ ጋደም ብሏል፣ ባለሱቁ መጋረጃውን ጥሎ ጠፍቷል፣ የከዚራ ሰፈር ውሻ እንኳ ከዛፍ ጥላ አይነሣም። እኔ ግን ሰሞኑን በዚያ ሰዓት ቁጭ ብዬ የማስበው ስለ አንዲት ባዶ ሳጥን ነው። የእንጨት ሳጥን እንዳትመስላችሁ። ቅጽ ላይ ያለች፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር የማትበልጥ፣ ከአናቷ «የምስክር ወረቀቱ የሚያበቃበት ቀን» ተብሎ የተጻፈባት ሳጥን ናት።

እንጀራዬ ማብረር ነው፤ ይበልጡን ደግሞ ማብረር ማስተማር። የአስተማሪነት ወረቀቴን ያወጣሁት አሜሪካ ነው። ወረቀት እላለሁ እንጂ ከባንክ ካርድ የማትለይ ፕላስቲክ ናት። ይህቺ ካርድ አገሬ ላይ እንድትታወቅልኝ ብዬ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ መስኮት ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ ዘመዱ ነውና አንባቢ አይቸገርም። ወጉን ስለማውቅ ሙሉ ትጥቄን ይዣለሁ፦ ኦርጅናሉ፣ የኦርጅናሉ ኮፒ፣ ኮፒው ቢጠፋ የኮፒው ኮፒ፣ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ፤ ሁሉም በክላሰር፣ ክላሰሩ በፌስታል።

መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ናት። ካርዷን ተቀብላ ገለበጠቻት።

«ካፒቴን፣ እነዚህ ሁለቱ እነማን ናቸው?»

«ወንድማማቾች ናቸው።»

«የእርስዎ ወንድሞች?»

«አይ፣ ራይት የሚባሉ ናቸው። መጀመሪያ አውሮፕላን ያበረሩት።»

«የእርስዎ ፎቶ ታዲያ የት አለ?»

የለም። እውነቴን ነው፣ የአሜሪካ የአብራሪ ካርድ ላይ ያሉት ኦርቪልና ዊልበር ናቸው፤ የባለቤቱ ፎቶ የለበትም። ማንነቱን በሌላ መታወቂያ ያሳያል። ልጅቱ ሁለቱን ሰዎች ካየች በኋላ እኔን አየችኝ፤ እንዳልመሰልኳቸው አረጋገጠችና በጉርድ ፎቶዬ ታረቅን። ከዚያ ሳጥኗ ዘንድ ደረስን።

«መቼ ነው የሚያበቃው?»

«አያበቃም።»

«የማያበቃ ነገር የለም፣ ካፒቴን» አለችኝ፣ ልክ እንደ ለቅሶ ቤት።

ድሮ ያበቃ ነበር። በየ24 ወሩ ካላደስከው ይሞትብህ ነበር። ከኅዳር 2017 ዓ.ም. ወዲህ ግን የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ቀኑን ከአስተማሪ ካርድ ላይ አነሣው። አስተማሪው አሁንም በየ24 ወሩ ሥራው ላይ መሆኑን ማሳየት አለበት፤ ካርዱ ላይ ግን ቀን የለም። ይህንን ሁሉ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝና የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እኔ አዞረችው። ሳጥኗ ቀልታለች።

«ባዶ አይቀበልም።»

ድሬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ሌላ ነገር አያይም። ቤት ያለውን የብስኩት ካርቶን ገልብጬ አየሁ፤ ቀን አለው፣ አልፏል፣ በልተነዋል። የተሳፈርኩበት ታክሲ ፔጆ 404 ነበር፤ ይህ መኪና ከፋብሪካ መውጣት የጀመረው በ1952 ዓ.ም. ነው። ሾፌሩን መቼ እንደሚያበቃ ጠየቅሁት። «ሞተሩ የሌላ ነው፣ በሩም የሌላ ነው፣ ወንበሩን እኔ ነኝ ያሰፋሁት» አለኝ። «ታዲያ ምኑ ነው 404?» ብለው ወደ መሪው እየጠቆመ «አቦ፣ ስሙ ነዋ!» አለ።

ነገሩ እየሰፋ ሄደ። ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋም የተወለደችው ያኔ ነው። ራይቶች በ1896 ዓ.ም. ታኅሣሥ ለ12 ሰከንድ በረሩ። ስለዚህ ድሬ ለአውሮፕላን ታላቅ እህቱ ናት፤ በአንድ ዓመት ትበልጠዋለች፣ ግን ቅጽ አስሞልታው አታውቅም። ለመሆኑ ኦርቪል ሲነሣ ፈቃዱን ማን አየለት? እኛስ ዘንድ፣ ነሐሴ 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ የመጀመሪያውን ፖቴዝ አውሮፕላን አዲስ አበባ ሲያሳርፍ፣ ማረፊያው ላይ «ኦርጅናሉን ይዘሃል?» ያለው ሰው ነበር? መስከረም 1923 ዓ.ም. ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ብቻቸውን ሲበሩ፣ ያስተማሯቸው ሰዎች ካርድ የሚያበቃበት ቀን ነበረው? ይህንን እያሰላሰልኩ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ። ሦስት ነው።

ጎረቤታችን አባባ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ለሚያገኙት ሁሉ የሚያሳዩት አሮጌ የሠራተኛ መታወቂያ አላቸው፤ ጠርዙ ተበልቷል፣ የፈረንሳይኛው ማኅተም ግን ዛሬም ሰማያዊ ነው። የሚያበቃበትን ቀን ፈልጌ አጣሁበት።

«አባባ፣ ይሄ መቼ ነው የሚያበቃው?»

«ባቡሩ ነዋ ያበቃው፣ ልጄ» አሉኝ። «ወረቀቱ ምን ሆነ?»

እስካሁን እየቀለድኩ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ደሜ ይፈላል። ቁጥጥር አልጠላም። ኢትዮጵያ የቺካጎውን የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በ1937 ዓ.ም. ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት፤ የአብራሪም የአስተማሪም ፈቃድ የዚያ ስምምነት አባሪ 1 ጉዳይ ነው። ይጠይቁኝ፣ ያፋጡኝ! አሜሪካ የፈተነኝ ሰውዬ ተማሪ መስሎ ተቀምጦ፣ ሆን ብሎ እያጠፋ፣ መሪውን መቼ እንደምቀማው ይጠብቅ ነበር። አውሮፕላን እየተሽከረከረ ሲወድቅ እንዴት እንደሚወጣ ሠርቼ ሳላሳይ ለፈተናውም አልቀርብም ነበር። እዚህ በሰባት ወር ውስጥ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «ና፣ አብረን እንውጣና ስታስተምር ልይህ» አላለኝም። «በድሬ ቀትር አየሩ በሙቀት ሳስቶ ክንፉ ሲሰንፍ፣ መንደርደሪያው እንደ ጠዋቱ አይበቃህም ብለህ ለተማሪህ እንዴት ታስረዳዋለህ?» ያለኝ የለም። ጆሮዬ በፎቶው ላይ በደንብ እንዲታይ የጠየቁኝ ግን ሁለት ናቸው። ሳጥኗ ብትሞላላቸው ኖሮ፣ አውሮፕላን በሥዕል ብቻ የማውቅ ብሆንም ያሳልፉኝ ነበር። መብረር የሚፈልግ ልጅ ደግሞ ይጠብቃል፤ የሱ ዕድሜ የሚያበቃበት ቀን አለው።

ይኸው፣ ተናደድኩ። ውኃ ልጠጣ።

ልጅቱ ምን ታድርግ? ሳጥኗን እሷ አልሠራቻትም። ባለፈው ስደውልላት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ካፒቴን፣ የፈለጉትን ቀን ይጻፉ፤ ብቻ ቀን ይሁን» አለችኝ። ከልቧ አዝናልኝ ነው። ግን ሰው ለራሱ ማብቂያ ቀን ሲመርጥ ስንት ይላል? አንድ ዓመት ብጽፍ በራሴ ላይ ማሟረት ሆነብኝ፤ አሥር ብጽፍ ስስት። በመጨረሻ እስክሪብቶዬን አነሣሁና «ጳጉሜን 7» ብዬ ጻፍኩ። ቀን ነው፤ ወርም አለው። አልመጣም ካለ የኔ ጥፋት አይደለም።

አልላክሁትም። ፀሐይ በረድ ስትል አባባ በራቸው ላይ ወጥተው ተቀመጡ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ሰዓታቸውን አይተው «ዛሬ ዘገየ» አሉ፣ ፉርጎ የሚጠብቁ ይመስል። ቅጹን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወደ መጋላ ሰፈር ወረድኩ። ሙሽበክ የምትጠብሰዋ ሴትዮ ዘይቷን አግላለች።

«ትኩስ ነው?»

«አሁን ነው የወጣው። ቆይ፣ መጠቅለያ ወረቀት ልፈልግልህ።»

እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። እሷ ግን ቀድማኝ ከመደቡ ሥር አንድ የሒሳብ ደብተር ቅጠል አወጣች። ባለቤቱ 6 ከ10 ነው ያገኘው፤ አራተኛዋን ጥያቄ ትንሽ ቢታገስ ኖሮ ያገኛት ነበር።