የባቲ ፍየልና የስቶካስቲክ መስመር

ባቲን በእግሩ ያልረገጣት ሰው እንኳ ስሟን ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር በቅኝት ያውቃታል። እኔ ግን ባቲ ስትነሳ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ሰኞ ነው፤ አፋሩ ከቆላ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ፣ አማራው ከደጋ እህሉን ጭኖ፣ የአገሬው ኦሮሞ ከብቱን ይዞ አንድ ሜዳ ላይ የሚገናኙበት ሰኞ።

አጎቴ በዚህ ሜዳ ፍየል ሲነግዱ ነው የሸበቱት። ጥር 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሮ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሲሆን፣ ልጃቸው አክሲዮን አክሲዮን ማለት አበዛ። እኔን ኮምፒውተር ላይ ስለሚያየኝ፣ "የስቶካስቲክ ስካን ጻፍልኝ" ብሎ ያዘኝ። ስካን የሚጠቅመው ከመቶዎች አክሲዮን መካከል ጥቂቱን ለመለየት ነው፤ ያኔ ገና ሁለት ሦስት ድርጅት በነበረበት ገበያ የሚጣራ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ለመሞከሪያ የአጎቴን ደብተር አወጣን። የየሰኞው የወጠጤ፣ የሙክትና የእናት ፍየል ዋጋ ተጽፎበታል።

የስቶካስቲክ ስሌት አሜሪካዊው ጆርጅ ሌን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ነው። ያለፉትን 14 ገበያዎች ዝቅተኛና ከፍተኛ ዋጋ ትወስዳለህ። ዝቅተኛው 6,000 ብር፣ ከፍተኛው 10,000 ብር ቢሆንና ዛሬ በ9,400 ቢዘጋ፣ ኬ የሚባለው መስመር 85 ላይ ይቆማል። የሦስት ገበያ አማካዩ ዲ ይባላል። ከ80 በላይ ሲሆን ገበያው ጦዟል፣ ከ20 በታች ሲሆን ወድቋል ይባላል። ኬ ዲን ወደ ላይ ሲሻገር የመግዣ ምልክት ነው፤ ይህን መሻገር ለመያዝ "ኬ ከዲ ይበልጣል" ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ባለፈው ገበያ ከዲ በታች ወይም እኩል እንደነበረ፣ ዛሬ ደግሞ እንደበለጠ ሁለቱንም መጠየቅ ያሻል። ለመሸጫው ተቃራኒው ነው። የእናት ፍየል ዋጋ ለወራት ንቅንቅ ሳይል ሲቀር ደግሞ ከፍተኛውና ዝቅተኛው እኩል ይሆኑና ፕሮግራሙ ለዜሮ ማካፈል አቅቶት ይቆማል፤ ለዚያም መላ አበጀሁለት።

አረፋ ሲቃረብ አንድ ሰኞ ማታ የወጠጤው ኬ ከ80 በላይ ሆኖ ዲን ወደ ታች ተሻገረ። ሽጥ ማለት ነው። ገበያው ግን ተበትኖ፣ ገዢው ሁሉ ወደ አገሩ ተመልሷል። የአጎቴ ልጅ ሌላ ሰኞ መጠበቅ አላስቻለውም፤ ሌሊቱን አይሱዙ ተከራይቶ ፍየሎቹን ኮምቦልቻ አደረሳቸው። እዚያ ያገኘው ደላላ ሰውየው እንደቸኮለ ገባው፤ የጠራለት ዋጋ የጭነቱን እንኳ አይሸፍንም። ማክሰኞ ማታ ፍየሎቹ ተጠምተው፣ አንዷ እያነከሰች ተመለሱ። በቀጣዩ ሰኞ፣ ለአረፋ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ዋጋው ጭራሽ ጨመረ።

አጎቴ አልተቆጡም። ደብተሩን ተቀብለው ጣታቸውን የዚያ ሰኞ ቁጥር ላይ አሳረፉ። "ዋጋውማ አልወረደም ልጄ። የዚያን ለት ከቆላ የመጣው ወጠጤ ከሲታ ነበር። የወረደው የፍየሉ ቁመና ነው።"

"አንቱ ይሄን መቼ አዩት?" አልኳቸው።

"ወገቡን ስዳብሰው ነዋ!"

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ስቶካስቲክ የዛሬውን ዋጋ ከትናንቱ የሚያወዳድረው ዕቃው ያው ነው ብሎ ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናና ሰሊጥን በደረጃ እየለየ የሚያገበያየውም ዋጋ ከዋጋ እንዲነጻጸር ነው። የአንድ ባንክ አክሲዮንም ከሌላው የዚያው ባንክ አክሲዮን አይለይም። ፍየል ግን አንዱ ከአንዱ ይለያል። በዚያ ላይ የበዓል ፍላጎት ዋጋን ሲገፋ መስመሩ ለሳምንታት ከ80 በላይ ተሰቅሎ ሊቆይ ይችላል፤ ጦዟል ማለት ነገ ይወርዳል ማለት አይደለም።

አክሲዮን ገበያችን ሲሰፋ ስካን የምትጽፉ ወጣቶች ብዙ ትሆናላችሁ፤ በርቱ። ከመሻገሩ ጋር ግን ስንት አክሲዮን እንደተሸጠ የሚጠይቅ መስመር ጨምሩ፤ ሁለት ሰው ብቻ በተገበያየበት ቀን የተሳለ መስመር ለማንም አይመሰክርም። ስካን የት እንደምታዩ ይጠቁማችሁ፤ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ግን ዕቃውን ራሳችሁ ዳብሱት።